እናት የመለሰችው ጥያቄ

ጸጉር ሠሪዋን ሰፈሩ «ራዲዮ» ይላታል፤ ምላሷ ከመቀሷ ይቀድማላ! እቤቷም ቢሆን፣ ለባሏም ለልጆቿም የሚጠየቀውን የምትመልሰው እሷ ናት። ትንሿ ልጇን በየወሩ ሆዷን እየቆረጠ ሲያስለቅሳት ግን ግራ ገባት።

አንዱ ክሊኒክ ትላትል አለ፤ ሌላው ጨጓራ፤ ሦስተኛው የሽንት ቧንቧ። ልጅቷ መድኃኒቱን ትውጣለች፣ ሕመሙ ለቀቅ ያደርጋታል፤ ወር ሲሞላ ዱብ ይላል። «እነዚህ ሐኪም ናቸው ወይስ ገማች?» እያለች ራዲዮ ትንጨረጨራለች።

ዛሬ ልጅቷ መሽናት እንኳ አቅቷት ስትጎብጥ፣ ሥራዋን ጥላ ሆስፒታል ይዛት በረረች።

ሐኪሟ ጎልማሳ ሴት ናት። ወደ ልጅቷ ጎንበስ ብላ፣ «የኔ ቆንጆ፣ የወር አበባሽ መጥቷል?» አለቻት።

«መጥቷል እንጂ!» አለች ራዲዮ። «አሥራ አምስት ዓመቷ እኮ ነው። ሞዴስ ገዝቼ ቁም ሣጥን ውስጥ አስቀምጣለሁ፣ ያልቃል።»

«እሷን ነው የጠየቅኳት።»

«እሷ ዓይናፋር ናት ዶክተር፣ እኔን ይጠይቁኝ።»

«እንግዲያው እርስዎ ውጪ ይጠብቁኝ።»

እናት ተባረረች! ኮሪደሩ ላይ ተቀምጣ ስትብሰለሰል ቆይታ፣ ወለሉን የምትወለውለውን የጽዳት ሠራተኛ «ከገዛ ልጄ አጠገብ ሲያስወጡኝ አየሽልኝ?» አለቻት።

«እግርሽን አንሺልኝ እስቲ፣ እህቴ» አለች ሴትዮዋ፣ መወልወሏን ሳታቆም።

ተጠርታ ስትገባ ልጅቷ አልጋው ላይ ታለቅሳለች።

«የወር አበባዋ አንድም ቀን ወጥቶ አያውቅም» አለች ሐኪሟ። «አልትራሳውንዱም ያሳያል። ደሙ በየወሩ ይመጣል፤ መውጫው ግን ከተፈጥሮ በስስ ሥጋ የተዘጋ ነው። ውስጥ ተጠራቅሞ ፊኛዋን ተጫነው። የማንም ጥፋት አይደለም። አደንዝዘን እንከፍተዋለን፣ ትድናለች።»

«ታዲያ ሞዴሱን ማን ጨረሰው?»

«ታላቅ እህቴ ናት» አለች ልጅቷ በቀጭን ድምፅ።

«አንቺስ ለምን አልነገርሽኝም?»

«መጀመሪያ ክሊኒክ ስንሄድ ‹መጥቷል› አልሽ። ከዚያ በኋላ በሰው ፊት ላዋርድሽ?»

ስትረግማቸው የከረመቻቸውን ሐኪሞች ለካ ያሳሳተቻቸው ራሷ ራዲዮ ኖራለች! ደሞ እነሱስ፣ ልጅቷን አንዴ ቢጠይቋት ምን ነበረበት? በማን እንደምትናደድ ቸገራት።

ልጅቷ ከቀዶ ሕክምናው ወጥታ ስትነቃ ነርሷ መጣች።

«ያምሻል?»

ራዲዮ አፏን ከፈተች። ከዚያ የሻርፗን ጫፍ ጎትታ አፏ ላይ ያዘች። ልጅቷ እናቷን አየቻት፣ ጠበቀች፤ ምንም የለም።

«ትንሽ» አለች ቀስ ብላ። «ደግሞ... ርቦኛል።»