ሁለት ኪስ፣ ሁለት ጥያቄ

በአስራ ስድስት ዓመቴ ቢራ መግዛት አልችልም፣ መኪና መንዳት አልችልም፣ የከተማችንን የምክር ቤት ሰው እንኳን መምረጥ አልችልም። ጠቅላይ ሚኒስትር መምረጥ ግን እችላለሁ! ሳቁ ሳቁ፣ እኔም መጀመሪያ ስሰማ ወተቱ በአፍንጫዬ እስኪወጣ ነው የሳቅኩት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጠቅላይ ሚኒስትሯ ሀገራችንን ከአውሮፓ ኅብረት ማስወጣቱ አልሆን ሲላቸው ሥልጣን ለቀቁ። የሚተካቸውን ደግሞ ሕዝቡ ሳይሆን የፓርቲያቸው አባላት ብቻ ናቸው የሚመርጡት። እና የአባቴ አባት፣ አያቴ ዊልፍ፣ ለአስራ አምስተኛ ዓመት ልደቴ ምን ሰጠኝ? ሌላው አያት የጆሮ ጌጥ ይሰጣል፣ የኔው የአባልነት ካርድ! ምክንያቱም በፓርቲው የበጋ ሽርሽር ላይ እንጆሪ በክሬም የሚበላው አባል ብቻ ነዋ። በቃ፣ ለእንጆሪ ብዬ ገብቼ ጠቅላይ ሚኒስትር ላይ ወደቅኩ።

ለመጨረሻው ዙር ሁለት ሰውዬዎች ቀሩ። ስማቸውን ተዉት፣ እኛ ቤት ቸኳዩና ታጋሹ ነው የሚባሉት። ቸኳዩ «ስምምነት ኖረም አልኖረም በኦክቶበር መጨረሻ እንወጣለን!» ይላል። ታጋሹ ደግሞ «እንወጣለን፣ ግን ትንሽ ቀን ብንጨምርስ?» ይላል።

አያቴ ከብሪድሊንግተን ወደብ እየወጣ አርባ ዓመት ሎብስተር የሚባለውን ባለ መቆንጠጫ የባሕር እንስሳ ያጠመደ ሰው ነው። ለሱ ባሕሩን የቀማው ኅብረቱ ነው፣ ስለዚህ ለቸኳዩ ይሞትለታል። አባዬ ኒል ደግሞ ያንኑ ሎብስተር ከአጥማጆቹ ገዝቶ በሕይወት እያለ በመኪና ወደ ስፔን ይልካል። መኪናው ድንበር ላይ ለወረቀት ተብሎ አንድ ቀን ከቆመ አለቀ፣ የሚያደርሰው ሬሳ ነው። ስለዚህ የአባዬ ሰው ታጋሹ ነው።

ሕዝቡ ከኅብረቱ እንውጣ አንውጣ ብሎ ድምፅ በሰጠበት በሪፈረንደሙ ጊዜ ሁለቱ ተኳረፉ። መኳረፍ ስላችሁ ደግሞ ሁለት ዓመት ተኩል! በቤታቸው መሃል ያለው ሦስት መንገድ ብቻ ነው። መልእክተኛዋ እኔ ነበርኩ።

«ለአባትሽ ንገሪው፣ መሰላሌን ይመልስ።»

«ለአያትሽ ንገሪው፣ መሰላሉ የኔ ነው።»

«ለአባትሽ ንገሪው፣ መሰላሉን የገዛሁት እሱ ዳይፐር ላይ እያለ ነው።»

የታረቁት ባለፈው ገና ነው። አያቴ ወደቡ ላይ በረዶ አንሸራቶት ዳሌው ተሰበረ፣ አባዬም ሆስፒታል ሾርባ ይዞለት ሄደ፣ በቃ። ከዛ ወዲህ እሁድ እሁድ ምሳ እኛ ቤት አብረን ነው የምንበላው። አንድ ሕግ አለ፣ እማዬ ያወጣችው፤ ሰሃኑ እስኪነሳ ድረስ ስለ መውጣቱ አንድ ቃል የተነፈሰ ዕቃ ያጥባል። እነዚያን እሁዶች እንዴት እንደምወዳቸው አልነግራችሁም።

እና ሁለቱ ዕጩዎች ዮርክ ከተማ መጥተው አባላት ሊጠይቋቸው ነው ተባለ። አያቴ ምርኩዙን እያንቋቋ መጣ።

«ሄቲ! ተነሺ አንቺ ቀዥቃዣ! አብረን እንሄዳለን። ይቺን ጥያቄ አንቺ ነሽ የምትጠይቂልኝ።»

«ለምን አንተ አትጠይቅም አባባ?»

«እኔ ስጠይቅ ሽማግሌ ለፈለፈ ነው የሚሉት። ከልጅ አፍ ሲወጣ ሌላ ነው!»

የሰጠኝ ወረቀት ላይ እንዲህ ይላል፦ «በኦክቶበር መጨረሻ አንድ ቀን ሳይጨመር እንደምታስወጡን ቃል ትገባላችሁ?»

«እሺ አባባ! ደስ ይለኛል!» አልኩ። እኔ እሺ ማለት አይከብደኝም፣ ችግሬም እሱ ነው።

በማግስቱ አባዬ ትምህርት ቤት ሲያደርሰኝ ሞተሩን አጠፋ። አባዬ እኮ ምንም ነገር ጠይቆኝ አያውቅም።

«ሄቲዬ፣ ዮርክ ስትሄጂ… ከተመቸሽ ነው እንጂ…»

«ምን አባዬ? በለኝ!»

የሎብስተር መግዣ ደረሰኝ ጀርባ ላይ የጻፈውን ሰጠኝ፦ «የጫንኩት ነገር ሕይወት ያለው ነው። መኪናው ድንበር ላይ ለአስራ ሁለት ሰዓት ቢቆም ምን ታደርጉልኛላችሁ?»

«እሺ አባዬ! ጠይቄልህ እመጣለሁ!»

የአያቴ በቀኝ ኪሴ፣ የአባዬ በግራ ኪሴ። ሁለቱንም እጠይቃለሁ ብዬ ነው እኮ ያሰብኩት! ምን አስቸገረ?

አዳራሹ እሳት ነበር። ጁላይ፣ መስኮት የለ፣ ሰው በሰው ላይ። የተቀመጥነው የረድፉ መሃል ላይ ነው፣ በግራዬ አያቴ፣ በቀኜ የፓርቲያችን ቅርንጫፍ ሊቀ መንበር ወይዘሮ ሞሪን፣ ቦርሳቸው ጭኔ ላይ። ወደየትም ብወጣ ሃያ ጉልበት መሻገር አለብኝ። ስልኬ ነዘረኝ፣ አባዬ ነው፦ «በቀጥታ ስርጭት እያየሁ ነው። እጅሽን ከፍ አድርጊ።»

አንድ ነጋዴ ቀድሞኝ ተነሳና «ዕቃችን ወደብ ላይ ቢዘገይስ?» ብሎ ጠየቀ። ወይ ጉድ! አዳራሹ «ቡ!» አለ። «ተቀመጥ!» «ተሸንፋችኋል፣ ልመዱት!» ሰውየው ጆሮው ቲማቲም መስሎ ተቀመጠ። ግራ ኪሴ ውስጥ ያለችው ወረቀት እንዴት እንደከበደችኝ!

ከዛ አያቴ ክርኔን ይዞ እጄን ራሱ ወደ ላይ ሰቀለው። መድረክ መሪው አየኝ።

«እዛ መሃል ያለችው ወጣት! አንድ ጥያቄ ብቻ።»

«ሁለት ነው ያለኝ» አልኩ፣ ማይኩ ላይ! አዳራሹ ሳቀ።

«አንድ ብቻ፣ እመቤቴ።»

ሁለቱም እጆቼ ሁለቱም ኪሶቼ ውስጥ ናቸው። በአንድ በኩል አያቴ ትንፋሹን ይዞ ያየኛል፣ በሌላ በኩል አባዬ በስልክ ውስጥ ያየኛል፣ ስምንት መቶ ሰው ደግሞ ይጠብቀኛል። ቀኙን አወጣሁ። አነበብኩ። ማንበቡ ባልከፋ፣ መጨረሻ ላይ የራሴን ጨመርኩበት! «ምክንያቱም እኛ ልጆች መጠበቅ ሰልችቶናል!» ከየት እንዳመጣሁት አባቴ ይሙት አላውቅም።

አዳራሹ ተነሳ። አጨበጨበ፣ አፏጨ፣ ወይዘሮ ሞሪን አለቀሱ። ወይኔ ያ ጭብጨባ! እግሬ ከመሬት ተነሳ፣ ሳቄ አልቆም አለኝ፣ እጄን ሁሉ አውለበለብኩ። ከዛ ቁጭ ስል ስልኬን አየሁት።

«አየሁሽ።»

በቃ፣ ይቺው ናት። ለመውጣት ተነሳሁ፣ ወይዘሮ ሞሪን ጎትተው አስቀመጡኝ። «የት ነሽ አንቺ! ካሜራው ወደኛ ነው!» አንድ ሰዓት ሙሉ ፈገግ እንዳልኩ ተቀመጥኩ።

ቪዲዮው በሁለት ቀን ውስጥ ያላየው ሰው የለም። ሬዲዮ ላይ ሰው እየደወለ በኔ ተጨቃጨቀ። አንዷ «ሕጻን ልጅ ናት መሪ የምትመርጥልን? ሀገሩ አበደ!» ስትል፣ ሌላው «ከፓርላማው ሁሉ እሷ ትሻላለች!» አለ። ትምህርት ቤት «ክብርት ጠቅላይ ሚኒስትር፣ የሒሳብ የቤት ሥራዎን ሠሩ?» ሆነ ሰላምታዬ። ቅርንጫፉ ደግሞ ፎቶዬን በራሪ ወረቀት ላይ አትሞ በየበሩ ስር አስገባው፣ «መጠበቅ ሰልችቶናል» የሚል ተጽፎበት። እኛ በር ስርም ገባ! አባዬ አነሳው፣ አየው፣ ሳያጥፈው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠውና ሳንድዊቼን ሠራልኝ። ቢጮህብኝ ምን ነበረበት!

የምርጫው ወረቀት በፖስታ መጣ። ሁለት ስም፣ ሁለት ባዶ ሳጥን። መታጠቢያ ቤት ገብቼ ቆለፍኩና ታጋሹ ላይ የኤክስ ምልክት አደረግኩ። ለአባዬ! በስልኬ ፎቶ አነሳሁት፣ አሸግኩት፣ ሐሳቤን ሳልቀይር ሮጬ ፖስታ ሳጥኑ ውስጥ ከተትኩት። ዞር ስል አያቴ ምርኩዙን ይዞ ከኋላዬ!

«ላክሽው?»

«ላክሁት!»

«ጎሽ የኔ አንበሳ!» ብሎ አቀፈኝ። አልዋሸሁም እኮ፣ ልኬያለሁ።

በቀጥታ አባዬ ጋ በረርኩ። ሎብስተሮቹን የሚያቆይበት መጋዘን ውስጥ ነበር፣ የባሕር ውሃው በየገንዳው ይንፎለፎላል። እሱ መቆንጠጫቸው ላይ ላስቲክ ያስራል። ፎቶውን አፍንጫው ስር ደገንኩለት። ያቅፈኛል ብዬ ነው እኮ!

እጁን ጠርጎ ስልኩን ተቀበለኝ። ፎቶውን አየና፣

«አያትሽስ?» አለ።

«አያውቅም!» አልኩ እየሳቅኩ።

«እና ለሱ የሱን አሳየሽው፣ ለኔ ደግሞ የኔን።»

«ላንተ ብዬ እኮ ነው አባዬ!»

«አውቃለሁ የኔ ቆንጆ። በሪፈረንደሙ ጊዜ የመረጥኩትን እኔ ፊቱ ቆሜ ነው የነገርኩት። ሁለት ዓመት ተኩል ዘጋኝ። ግን የት እንደቆምኩ ያውቅ ነበር።»

«እና ልንገረው? እንደገና ቢያኮርፍስ? እሁዳችንስ?»

አንድ ሎብስተር አንስቶ ገንዳው ውስጥ ቀስ አድርጎ አስቀመጠው። «ከሌላ ሰው ከሰማ፣ መክሬ የላክሁሽ እኔ እንደሆንኩ ነው የሚያምነው። ያኔ ዳሌ ቢሰበርም አንታረቅም። አንቺ ራስሽ ንገሪው።»

እነግረዋለሁ አልኩ። ነገ፣ ከነገ ወዲያ፣ ከሽርሽሩ በኋላ። በየቀኑ እቀርበውና «ይቺ ናት ልጄ!» ብሎ ለሆነ ሰው ያሳየኛል። ዓሣና ድንች የሚሸጠው ሰውዬ እንኳን ድንች ይጨምርልኛል። ታዲያ በየት በኩል ልናገረው?

ውጤቱ ወጣ። ቸኳዩ አሸነፈ፣ ያውም በሰፊው። ወይዘሮ ሞሪን ባንዲራ ያለበት ኬክ ጋግረው በፓርቲው ክበብ ውስጥ አቀረቡ፣ ላዩ ላይ በክሬም ስሜ ተጽፏል። አያቴ ቢላዋውን እጄ ላይ አድርጎ በላዩ ይዞ ቆረሰው።

«እኔና አንቺ ነን ያደረግነው ሄቲ! እኔና አንቺ!»

በላሁት። ምን ላድርግ? ጣፋጭ ነበር ደግሞ። እየበላሁ አሰብኩ፣ የኔ ድምፅ ምንም አልለወጠም፣ ፎቶውን ባጠፋው ማን ያውቃል? ጣቴ ማጥፊያው ላይ ነበር። ግን ቀና ስል አያቴ ለሰዎቹ እንዲህ ይላል፣ «ልጄ ኒል ይሄ ነገር አይገባውም፣ የልጅ ልጄ ግን የኔን ደም ነው የወረሰችው።» አባዬ እዛ የለም፣ መልስ የሚሰጥለት ሰው የለም። ፎቶውን ሳላጠፋ ስልኬን ኪሴ ከተትኩት።

ጠዋት ወደቡ ሄድኩ። አያቴ አግዳሚው ላይ ተቀምጦ የሎብስተር ወጥመድ መረብ ይጠግናል። ባሕር መውጣት ከተወ ዓመታት ሆነውታል፣ ለወጣቶቹ ነው የሚሠራላቸው።

«አባባ፣ አንድ ነገር ላሳይህ።»

«ሌላ ቪዲዮ ነው? መነጽሬን ጥዬ ነው የመጣሁት። አንብቢልኝ።»

ይሄንን አላሰብኩም ነበር! አሳይቼው ዝም ልል ነበር እኮ ሐሳቤ። 

«የምርጫ ወረቀቴ ነው። ኤክስ ያደረግኩት…» አልኩና የታጋሹን ስም አነበብኩለት፣ ሙሉ ስሙን፣ ከነአያቱ የምነግረው ይመስል።

እጁ ቆመ።

«አባትሽ ነው?»

«አይደለም። እሱ ንገሪው ነው ያለኝ። ፎቶውን ሲያይ ደስም አላለው።»

«አዳራሹ ውስጥ ያልሽውስ? መጠበቅ ሰልችቶናል ያልሽውስ?»

«ሲያጨበጭቡልኝ… ደስ እንዲለኝ ነው አባባ። ካነበብኩ በኋላ አብዝተው እንዲያጨበጭቡልኝ።»

ባሕሩን አየ። ይጮህብኛል ብዬ ጠበቅኩ፣ አልጮኸም። ሂጂ ይለኛል ብዬ ጠበቅኩ፣ እሱንም አላለኝም። የክሩን ጫፍ አነሳና ዘረጋልኝ።

«ያዢልኝ።»

ያዝኩለት። በሁለት እጅ ነው የሚያዘው፣ ወጥረሽ፣ ካላላሽው ቋጠሮው ይበላሻል። እሱ ይቋጥራል፣ ይስባል፣ ይቋጥራል። ክሩ ጣቴን ይቆርጠኛል። ስልኬ ኪሴ ውስጥ ነዘረ፣ አባዬ ይሆናል፣ በምን እጄ ላንሳው?

«አባባ፣ እሁድ ትመጣለህ አይደል?»

«ወጥሪው።»

«ትመጣለህ?»

«ወጥሪው አልኩሽ፣ አትልቀቂ።»

አጠገቡ ያልተጠገኑት ወጥመዶች ተደርድረዋል። ቆጠርኳቸው፣ አስራ አንድ ናቸው። ይኼኛው ገና አላለቀም።