ቅቤ የጠጣው ጎማ

ከቤሩት ያመጣሁት የዕቃ ማጠቢያ ማሽን ማፍሰስ የጀመረው መቼ እንደሆነ አላውቅም። እኔ መጀመሪያ ያየሁት ግድግዳውን ነው። ጓዳችን ድንጋይ በጭቃ ነው፤ አንድ ቀን ከማሽኑ ጀርባ ያለውን ጭቃ በጣቴ ብነካው እንደ ሊጥ ገባልኝ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይሉ የለ፤ ውኃውም ቀስ በቀስ የእናቴን ቤት ከሥሩ እየበላው ነበር። ማልቀስ አማረኝና ለማልቀስም ሰነፍኩ።

ስምንት ዓመት ቤሩት የሰው ዕቃ አጥቤያለሁ። የሄድኩት ሁለት ጊዜ ነው። መጀመሪያ ለቆርቆሮ ሄድኩ። ተመልሼ ዓመት ሳልቆይ ደግሞ ለወንድሜ ትምህርት ሄድኩ። በ1997 ዓ.ም. ልመጣ ስል እመቤቲቱ ማድ ቤቷን እያሳደሰች ነበርና አሮጌውን ማሽን "ከፈለግሽ ውሰጂው" አለችኝ። በመርከብ ተጭኖ፣ ከዚያ ደግሞ በጭነት መኪና የወልድያን መንገድ አቧራ ጠጥቶ ሰቆጣ ገባ። ጎረቤቱ ሁሉ እየመጣ አየው። "ሳህን የሚያጥብ ፍሪጅ" ብለው ስም አወጡለት። ይሳቁ ግድ የለኝም። የእናቴ የወይዘሮ ባንቺ ጣቶች በቁርጥማት አብጠዋል፤ ቀዝቃዛ ውኃ እንዳይነካቸው ብዬ ነው ያመጣሁት።

አሁን ግን እውነቱን ልናገር፤ እንደገና ልሄድ ነው። ባለፈው ሐሙስ ፓስፖርቴን ለደላላው ሰጥቼዋለሁ። ሰኞ ለቪዛ ወደ አዲስ አበባ ይልከዋል። ለእናቴ አልነገርኳትም። ለምን ትሄጃለሽ የሚለኝ ቢኖርም መልስ የለኝም። ስምንት ወር ሙሉ እዚህ ተቀምጬ ድካሙ አልወጣልኝም። የሚመጣው ሰው ሁሉ "ምን አመጣሽ?" ይለኛል እንጂ "እንዴት ነሽ?" የሚለኝ የለም። እዚያ ቢያንስ ለምን እንደደከመኝ አውቃለሁ። ብቻ ግድግዳው እየራሰ እናትን ከሥሩ አስቀምጦ መሄድ አይሆንም። ከሰኞ በፊት ማፍሰሱን ላስቁም አልኩ።

ቅዳሜ ጧት የቧንቧ ሠራተኛውን ደሞዝን ጠራሁት። ማሽኑን ጎትተን ከግድግዳው አራቅነው። ደሞዝ ከሮቶው ውኃ የሚያመጣውን ቱቦ ዳሰሰ፤ ደረቅ ነው። ቆሻሻውን የሚያወጣውን ቱቦ ዳሰሰ፤ እሱም ደረቅ ነው። ቢሆንም መጥቶ ባዶ እጁን መመለስ አልወደደም መሰለኝ፣ የሁለቱንም ማሰሪያ ቀየረና እንደ ሐኪም እጁን ታጥቦ "ድኗል" አለ።

"አልዳነም ይሆናል" አለች እናቴ፣ በሩ ላይ ቆማ።

"እመት ባንቺ፣ እርስዎ ደግሞ ማሽን መቼ ያውቃሉ?" ብሎ እየሳቀ ሄደ።

ከሰዓት መብራት መጣ። ማሽኑን ባሠራው ግድግዳው ሥር እንደገና ረጠበ። ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል፤ እኔና ደሞዝ ደግሞ ቱቦ ነከስን።

ከምድጃው ደረቅ አመድ አውጥቼ ነፋሁና በማሽኑ ሥርና ዙሪያ በስሱ ነዛሁት። አመድ ጠብታ አይደብቅም። ከዚያ ማሽኑን አስነስቼ በርጩማ ላይ ተቀመጥኩ። እናቴ አልተቀመጠችም። ስትጨነቅ አፍ በፈታችበት በኽምጣኛ ነው የምታጉተመትመው፤ ወዲያ ወዲህ እያለች ታጉተመትማለች።

"ተይው ይቅር፣ በእጃችን እናጥባለን" አለችኝ። ትንሽ ቆይታ ደገመችው። ሦስተኛ ጊዜ ስትለኝ ድካሜ ወደ ንዴት ዞረና "አርፈሽ ተቀመጪ!" ብዬ ጮኽኩባት። እመቤቲቱ ለእኔ ትለው የነበረ ነው። በዚያው ድምፅ ከአፌ ሲወጣ ሰማሁትና አፈርኩ። እናቴ ግን ቁጭ አለች።

ሩብ ሰዓት ያህል ቆይቶ ከፊት በኩል፣ ከማሽኑ በር ግራ ጥግ ሥር፣ አመዱ ላይ ጥቁር ነጥብ ወጣ። ቀጥሎ ሌላ። ወለላችን ወደ ግድግዳው ያዘነብላል፤ ጠብታው ከፊት ወርዶ በማሽኑ ሥር እያለፈ ከኋላ ይጠራቀም ኖሯል። እኛ ደግሞ ውኃው የተኛበትን እንጂ የመጣበትን አልፈለግንም።

ማሽኑን አጥፍቼ በሩን ከፈትኩና ዙሪያውን የያዘውን ጎማ ዳሰስኩ። ከላይ ደህና ነው። ታች ጥጉ ላይ ግን አብጦና ላልቶ ከቦታው ወጥቷል። ጣቴ ወዛ። አሸተትኩት፤ ቅቤ ቅቤ ይላል።

"እማዬ፣ ይኼን ማን ቀባው?"

"እኔ ነኝ" አለች መሬት መሬት እያየች። "ቆዳ ቅቤ ካላጠጡት ይሰነጠቃል። አባትሽ፣ ነፍሱን ይማርና፣ ጠፍሩንም ስልቻውንም ሲቀባ ነበር የሚኖረው። ይኼም የደረቀ መሰለኝና ቅዳሜ ቅዳሜ ቀባሁት።"

"ይኼ እኮ ጎማ ነው እንጂ ቆዳ አይደለም! ጎማ ቅቤ ሲጠጣ ያብጣል!"

"እኔ ምን አውቄ። ማፍሰስ ሲጀምር ደግሞ ጨመርኩለት።"

"ሲያፈስ ታዪው ነበር?"

"ጧት ጧት ሳትነሺ ወለሉን እወለውላለሁ። ከኋላ ያለው ግን እጄ አልደረሰበትም።"

ያበጡ ጣቶቿን ነጠላዋ ውስጥ ከተተች። ውኃ እንዳይነካት ብዬ ባሕር አሻግሬ ያመጣሁት ማሽን፣ ለካ በየማለዳው አንበርክኮ ሲያስወለውላት ከርሟል።

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"ጣሪያው ያፈሳል አልኩሽ፣ ሄድሽ። ወንድምሽ የሚማርበት የለውም አልኩሽ፣ ሄድሽ። ከዚያ ወዲህ ከእንግዲህ የጎደለ ነገር አልነግራትም ብዬ ምያለሁ።"

እጄን ሥራ ለማስያዝ ጎማውን ከበሩ ላይ ነቀልኩት። በሞቀ ውኃና በሳሙና ሦስት ጊዜ አጠብኩት፣ በጨርቅ አደረቅሁት። ከዚያ ያበጠው ጎን ውኃ ወደማያድርበት ወደ ላይ እንዲሄድ፣ ደህናው ወደ ታች እንዲመጣ ገልብጬ መለስኩት። የረጠበውን አመድ ጠርጌ አዲስ ነዛሁና ማሽኑን እንደገና አስነሳሁ። ሁለታችንም አመዱን እያየን ጠበቅን። እስኪጨርስ ድረስ አንድ ነጥብ አልታየም።

እናቴ ጎንበስ ብላ አመዱን በመዳፏ ነካ ነካ አደረገችው።

"አሁን ዳነ?"

"ዳነ።"

"እንግዲህ የጎደለ የለም።"

አዎ ብላት ደስ ባላት ነበር። ግን እንዲያ እያየችኝ መዋሸት አቃተኝ።

"ፓስፖርቴ ደላላው ጋ ነው" አልኳት። "ሰኞ ይልከዋል።"

ትጮኻለች፣ ደረቷን ትመታለች ብዬ ጠበቅሁ። እሷ ግን ግድግዳውን ተደግፋ ቀስ ብላ ተነሣች፤ ጫማዋን ፈልጋ አጠለቀች፤ ነጠላዋን አመሳቀለች።

"የሰውየው ቤት በየት በኩል ነው? ሳይልከው እንቀበለው።"

"እማዬ፣ ደክሞኛል። ነገ እንነጋገራለን።"

"እኔም ደክሞኛል" አለች እናቴ። "እኔም ደክሞኛል፣ ልጄ። ተነሽ።"

በሩን ይዛ ቆመች። ተነሣሁ።