በበር ስንጥቅ የታየ ቀለም

ደብሪቱ «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የሚለውን ተረት ከእናቷ ጡት ጋር ነው የጠባችው። ቡታጅራ ገበያ ክርና ጨርቅ ስትሸጥ ሃያ ዓመት አልፏታል። ልብስ ሰፊው ሁሉ ቁራጭ ጨርቁን ይዞ ይመጣል፤ ደብሪቱ የክሩን ቀለም ከጨርቁ ጋር ካመሳሰለችው አለቀ። እንጀራዋ ዓይኗ ነው።

ለመስቀል ልጆቿ ሊገቡ ስለሆነ ሳሎኑ መቀባት ነበረበት። ቀለም ቤት ኦፍዋይትና ክሬም ጎን ለጎን አስቀምጣ ባለሱቁን አደረቀችው። «ሁለቱም ያው ነጭ ናቸው እኮ!» ቢላት፣ «ላንተ ነው ያው!» አለችው። ክሬሙ ቢጫ ይነካዋል። ኦፍዋይቱን ገዛች፤ ለምስክርም የባልዲው ክዳን ላይ ጠብታ አስቀረች።

ቀቢው ሙስተፋ የእንሴኖ ልጅ ነው። በቀደም የጎረቤቷን ቤት ክሬም ቀብቷል። የተረፈውን እዚህ ቢያራግፍስ? «ሱቅ ልሂድ» ብላ ወጣችና በጓሮ ዞረች። ከጓዳው በር ጀርባ ተለጥፋ በግራ ዓይኗ በስንጥቁ አጮለቀች። ጌታ ሆይ! ግድግዳው ክሬም!

በርግዳ ገባች፤ ግድግዳው ኦፍዋይት። ወጥታ አጮለቀች፤ ክሬም። ገባች፤ ኦፍዋይት። ይሄ ሰው ነው ወይስ አስማተኛ?

«ሌባ! ሌላውን ባልዲ የት ደበቅከው?»

ጩኸቷ ጎረቤቱን ደጅ ላይ ሰበሰበው።

«ወላሂ እትዬ፣ ያለኝ የሰጡኝ ባልዲ ብቻ ነው» አለ ሙስተፋ። ፊቱ ተለዋወጠ። «ስሜን አጥፍተውት ማን ሥራ ይሰጠኛል?» ብሩሹን ሰብስቦ ሲወጣ ጎረቤቶቹ ደጅ ላይ ከበቡት።

ደብሪቱ ልታሳጣው ክዳኑን ይዛ ወደ ስንጥቁ ሮጠች። በግራ ዓይኗ ክዳኑን አየችው። በገዛ እጇ ያስቀረችው ጠብታ ክሬም ሆኗል! ግራውን ሸፍና በቀኝ አየች፤ ነጭ። በግራ፤ ቢጫ።

ደጅ ስትወጣ ልብስ ሰፊዋ ሃፊዛ፣ «ምን ወሰደብሽ?» አለቻት። ሁሉም አፏን ይጠብቃል። ዝም ብትል ሙስተፋ ሌባ ሆኖ ይቀራል፤ ብትናገር ነገ ክር የሚገዛት ማን ነው? ከልቧ ፈራች።

«ምንም አልወሰደም» አለች በመጨረሻ። «ግራ ዓይኔ ነው፤ ነጩን ቢጫ ያሳየኛል። ሙስተፋ፣ በድዬሃለሁ፤ ይቅር በለኝ። ግባና ጨርስልኝ።»

ሙስተፋ ብሩሹን ይዞ ተመልሶ ገባ። ሃፊዛ ግን ትናንት ከደብሪቱ የገዛችውን ነጭ ክር ከፌስታሏ አውጥታ፣ ወደ ፀሐዩ አዙራ ታየው ጀመር።