የንጉሥ ኮርማክ ስም

ሥልጣን ከእግዚአብሔር ተሰጥቶ በሰው እጅ የሚያድፍ ነገር ነውና፣ ክቡር አንባቢ ሆይ፣ ነገሥታት ዘውዳቸውን በወርቅና በዕንቍ ሲያስጌጡ፣ ዘውዱ በምን መንገድ ወደ ራሳቸው እንደ መጣ ግን ለመሰወር ሲደክሙ ይኖራሉ።

በባሕርና በጉም በተከበበችው በስኮትላንድ፣ በጥንት ዘመን፣ ቶርካል የሚባል ኃያልና ግሩም ንጉሥ ነበረ። ዕውር እንዳይነግሥ የአገሩ ሕግ ይከለክል ነበርና፣ ቶርካል በዙፋን የነበረውን ታላቅ ወንድሙን ኮርማክን ዓይኑን አሳውሮ ወደ ገዳም ሰደደው፤ ሥርዓተ ንግሥ ሳይፈጸምለትም በሰይፍ ነግሦ ሃያ ሁለት ዓመት በጽኑ ፍርድ ገዛ። ወንበዴ አጠፋ፣ አብያተ ክርስቲያናት አነጸ። ስለ ኮርማክ ግን ደፍሮ የሚናገር ስላልነበረ፣ የንጉሡ ልጅ ሮናን እንኳ አጎቱ ከሞተ የቆየ ይመስለው ነበር። ደዌ በጸናበት ጊዜ ቶርካል ይህን ልጁን በሕይወቱ ሳለ፣ በሕግና በሥርዓት፣ ሊያነግሥ ወደደ።

በዚያ አገር የሚነግሥ ሰው ባዶ እግሩን በዐለት ላይ በተቀረጸ የእግር ቅርጽ ውስጥ ያኖራል፤ ትውልድ ቆጣሪውም ከእርሱ በፊት የነገሡትን ሁሉ፣ መንግሥታቸው እንዴት እንደ ተፈጸመ ጭምር፣ በቃሉ ይጠራል። አንድ ስም ከታለፈ ንግሡ ይፈርሳል። ቶርካል ይህን ሥራ የያዘውን ሽማግሌ ድጓልን አስጠርቶ የኮርማክን ስም እንዳይጠራ አዘዘው፤ ሽማግሌውም እጅ ነሥቶ ስሙን ከአፉ እንደማያወጣ ማለ።

በበዓሉ ቀን፣ መኳንንቱና ሕዝቡ በተሰበሰቡበት፣ ድጓል ከመጀመሪያው አባት ጀምሮ ስሞቹን እንደ ወንዝ ሲያወርድ ቆይቶ ከኮርማክ ሲደርስ ዝም አለ። ጥቂት ቆይቶም እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረ። ሁለተኛም እዚያው ቆመ። ሦስተኛ ሲጀምር አንድ ጨዋታ ወዳድ መኰንን፣ «አባባ ድጓል፣ ጉሮሮዎ ደርቆ እንደ ሆነ ጠጅ እናስቀዳልዎ፤ አለዚያ እኛም እዚሁ ልንሸብት ነው» ቢለው ከኋላ የነበሩት ሳቁ። ንጉሡ ግን አልሳቀም። ሽማግሌውን ወደ ዙፋኑ አስቀርቦ ለምን እንደማይሻገር ጠየቀው።

«ጃንሆይ፣ እንዳልጠራው አዘዙኝ፤ አልጠራሁትም። እንዳልፈው ግን ሕጉ አይፈቅድልኝም» አለው ድጓል።

ቶርካል ወደ ልጁ ተመለከተ፤ ሮናን እግሩ በብርድ እየተንቀጠቀጠ ከዐለቱ ላይ ሳይነቃነቅ ይጠብቀው ነበር። ስሙ ካልተጠራ ልጁ አይነግሥም፤ ከተጠራም ልጁ አባቱ ምን ዓይነት ሰው እንደ ሆነ ያውቃል። ንጉሡ ብዙ ከታገለ በኋላ በበትሩ ተደግፎ ተነሣ።

«ኮርማክ» አለ። «ወንድሜ ነው። ሦስት ዓመት ነገሠ። ዓይኑን ያጠፋሁት እኔ ነኝ፤ ዛሬም በገዳም አለ።»

ሮናን እግሩን ከዐለቱ አወጣና፣ አጎቱ ሳይመርቀው እንደማይነግሥ ለአባቱ በጸጥታ ነግሮ፣ ጫማውን አጥልቆ የገዳሙን መንገድ ያዘ። ቶርካልም ልጁ ተመርቆ ይሁን ተረግሞ ሳያውቅ በዘጠነኛው ቀን ዐረፈ። ዘውድን ለልጅ ማውረስ ለነገሥታት ሁሉ የተሰጠ ነው፤ በደልን ለራስ አስቀርቶ መሞት ግን የጥቂቶች ዕጣ ነው።