የነጩ መርከብ ዘበኞች

ሀሰን ዓይኑ ከጠፋ ወዲህ ከቤት አይወጣም ነበር። ይህን የነገረችኝ ሚስቱ ጁዋይሪያ ናት። ወደ ገበያ ስትሄድ ደጄ ላይ ቆመችና ዘንቢሏን መሬት አሳረፈች።

«ኣያ ኣስመላሽ፣ ሰውዬው አልጋው ላይ እየደረቀብኝ ነው» አለች። «ሬዲዮ እንኳ ክፈቺልኝ አይልም። አንተ ካላወጣኸው ማንም አያወጣው።»

«መጥቼ ነበር እኮ።»

«መጥተህ ምን አደረግህ? ሁለታችሁም ዝም ብላችሁ ቆያችሁና ሄድክ።»

እውነቷን ነው። እኔ ወሬ አልችልም። ወሬኛው ሀሰን ነው። እሱ ዝም ካለ ቤቱ ሁሉ ዝም ይላል።

ሀሰን ልብስ ሰፊ ነው። በልጅነቱ ከወሎ መጥቶ እዚሁ መቀሌ አረጀ። ሱቁ ዓዲ ሓቂ ሰፈር ነበር፤ እኔ ዘበኛ ከነበርኩበት የኮምፒውተር ማሰልጠኛ ፊት ለፊት። በስድስት ሰዓት ከተማው በሩን ዘግቶ ለምሳ ሲገባ ማሰልጠኛውም ይዘጋል። ቁልፉ እኔ ዘንድ ነው። ሀሰን ምሳውን በሳህን ሸፍኖ መንገዱን ይሻገራል። በልተን እንጫወታለን።

ጨዋታውን የተወልን ጎይቶም የሚባል አስተማሪ ነው፤ ሥራ ሲለቅ ዲስኩን ከነመንጃው ሰጠን። የጠፈር ጦርነት ነው። በአንዲት ትንሽ የጦር መርከብ ውስጥ ተቀምጠህ በከዋክብት መካከል ትበራለህ፤ ጠላት ይመጣል፤ ትዋጋለህ። መንጃው እንደ መኪና ማርሽ ቀጥ ብሎ የሚቆም እጀታ ስለሆነ ካምቢዮ አልነው።

የካምቢዮው ገመድ አጭር ነበር። ከኮምፒውተሩ ጀርባ ወጥቶ የሚደርሰው በስተቀኝ እስካለው ወንበር ብቻ ነው። ኪቦርዱ ደግሞ በስተግራ ነው። ስለዚህ ለሁለት ያዝነው። ሀሰን ካምቢዮውን ጨብጦ ይነዳል፣ ይተኩሳል። እኔ ኪቦርዱ ላይ ሆኜ የሞተሩን ኃይል ወደ ጋሻው፣ የጋሻውን ወደ መሣሪያው አዛውራለሁ፤ የሚመጣውንም አይቼ እነግረዋለሁ። ድምፁን እንዘጋዋለን። የማሰልጠኛው ባለቤት ቤት ከጓሮ ነበር፤ ቢሰማን ቁልፉን ይቀበለኛል።

ዘመቻዎቹን ሁሉ ጨረስን። የመጨረሻው ግን እምቢ አለ። ጎኑ ላይ ቀይ መስመር ያለው አንድ ትልቅ ነጭ መርከብ አለ። ጠላት ይመጣና ይሸሻል። ሀሰን ያሳድደዋል፣ አንድ ሳያስቀር ይጥላል። ስንመለስ ነጩ መርከብ የለም፤ በቀይ የተጻፈ ነገር ይወጣል። መሸነፋችን ከቀለሙ ገባን እንጂ ማንበብ አንችልም። እኔ ከስድስተኛ ክፍል ነው የቀረሁት። ሀሰን የቀራው ቁርዓን ነው።

«ማሽኑ ያጭበረብራል» ይል ነበር።

በኋላ ማሰልጠኛው ተዘጋ። ካምቢዮውን ይዤ ቤቴ ገባሁ። ክፉው ጊዜ ሲመጣ ሀሰን ቤተሰቡን ይዞ ወደ ደሴ ሄደ። ሲመለስ የስኳር በሽታው ዓይኑን ጨርሶት ነበር።

ጁዋይሪያ ዘንቢሏን አንሥታ ከሄደች በኋላ ቁም ሣጥኑን ከፍቼ ካምቢዮውን አወጣሁ። ትምኒት የልጄ ልጅ ናት። እኔ ጋ ሆና እንዳ ኢየሱስ ዩኒቨርሲቲ ትማራለች። ላፕቶፕ አላት። ያ ጨዋታ ዛሬ ይገኝ እንደሆነ ጠየቅኳት። ስሙን ስለማላውቀው የነጩን መርከብ መልክ ነገርኳት። ጥቂት ፈልጋ አገኘችው።

«ኣቦይ፣ ይሄ እኮ በዕድሜ ይበልጠኛል!»

«እኔም እበልጥሻለሁ» አልኳት።

የዱሮው ሶኬት ላፕቶፑ ላይ አይገባም። ከጓደኞቿ ጠይቃ መቀየሪያ አመጣችልኝ። ምን እንደሚነካ አሳየችኝና ትምህርቷ ሄደች።

ሀሰንን ክንዱን ይዤ አመጣሁት። በቀኝ ወንበር አስቀምጬ ካምቢዮውን እጁ ላይ አኖርኩለት። ጣቶቹ እጀታው ላይ ወጡ፣ ወረዱ። ዱሮ እጀታው ሲሰነጠቅ ቆዳ አልብሶት ነበር።

«ይሄ የኔ ስፌት ነው» አለ።

«ነው።»

«ክሩ አልላላም።» ፈገግ አለ። ከተመለሰ ወዲህ ሲስቅ ያየሁት ያን ጊዜ ነው።

ድምፁን ዘጋሁና የመጨረሻውን ዘመቻ ከፈትኩ። እሱ ይነዳል፣ እኔ እጮሃለሁ። «ግራ! ወደ ላይ! ቀኝ!» ቃሉ ከአፌ ሳይወጣ ነገሩ ያልፋል። መርከባችን የነጩን መርከብ ጎን መታና ፈነዳ። ደገምን። እንደገና ፈነዳ። ሀሰን ካምቢዮውን ጠረጴዛው ላይ ቀስ አድርጎ አስቀመጠው።

«ወደ ቤት አድርሰኝ።»

«አንዴ እንሞክር።»

«ኣስመላሽ፣ ዕውር ሹፌር አይተህ ታውቃለህ? አድርሰኝ አልኩህ።»

ቤቱ በር ላይ ስንደርስ ክንዱን ከእጄ አላቀቀ። «ለዚህ ሁለተኛ እንዳትመጣብኝ» ብሎ ገባ። ጁዋይሪያ ከደጅ ሆና አየችኝ።

ቤቴ ከተመለስኩ በኋላ እዚያው ጠረጴዛ አጠገብ ተቀመጥኩ። ትምኒት ከትምህርት ስትመለስ የሆነውን ነገርኳት። ላፕቶፑን ወደ ራሷ አዞረች።

«ድምፁን ማን ዘጋው?»

«እኔ።»

«ለምን?»

አሰብኩ። ባለቤቱ ከሞተ ቆይቷል። ማሰልጠኛው ዛሬ ፋርማሲ ነው።

«ባለቤቱ እንዳይሰማን ብዬ ነው» አልኳት።

ሣቀችብኝ። ሁለት ትንንሽ ስፒከር አምጥታ ግራና ቀኝ አቆመችና ድምፁን ከፈተችው። ያን ሁሉ ዓመት ተጫውቼው ሰምቼው አላውቅም ነበር። ሞተሩ ጭነት እንደያዘ መኪና ያጉረመርማል። ጠላት በቀኝ ሲመጣ በቀኝ ያፏጫል፣ በግራ ሲመጣ በግራ፤ ሲቀርብ ፉጨቱ ይቀጥናል። ሊተኩስብህ ሲያነጣጥር ጠቅ ጠቅ የሚል ነገር አለ፣ እየፈጠነ ይሄዳል። ጋሻው ሲሳሳ ደወል ይደወላል።

«ደግሞ ይሄ ለአንድ ሰው ነው የተሠራው» አለች። «ለምንድን ነው ለሁለት የምትጫወቱት?»

«ለአንድ ሰው?»

«አዎ።»

«ይሄን ሁሉ አንድ ሰው ይችለዋል?»

«ሁሉም ብቻውን ነው የሚጫወተው፣ ኣቦይ።»

አሳዘኑኝ።

ዘመቻው ከመጀመሩ በፊት የሚወጣውን ጽሑፍ እንድታነብልኝ ጠየቅኳት። ሁልጊዜ ዘለነው ነበር የምንሄደው። አነበበችና ተርጉማ ነገረችኝ። «ነጩ መርከብ ሆስፒታል ነው፤ ቁስለኞች ጭኗል። እስኪሻገር ድረስ አጠገቡ ሁኑ። ጠላት ሊያርቃችሁ ይሞክራል። ቢሸሽ አትከተሉት ይላል።»

ወንበሬን ወደ ላፕቶፑ አስጠጋሁ።

«ምነው?»

«ይሄማ ዘበኝነት ነው» አልኳት።

ዕድሜዬን ሙሉ የሠራሁት ሥራ ነው። በጠፈርም መኖሩን የነገረኝ አልነበረም። ዘበኛው ኪቦርድ ይዞ ተቀምጦ፣ በሩን የሚጠብቀው ልብስ ሰፊው ነበር።

በማግስቱ ሀሰን ቤት ሄድኩ። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኝቷል።

«ለዚያ ነገር ከሆነ ተመለስ» አለ።

«ካምቢዮውን ልይዘው ነው።»

«ማን?»

«እኔ።»

«አንተ? ብስክሌት ያቃተህ ሰውዬ?» ፊቱን ወደ እኔ አዞረ። «መቀሌ ተወልዶ ብስክሌት የማይነዳ ወንድ ካንተ ሌላ አለ? በቁሓ መንገድ አህያ የገጨኸውን ረሳኸው?»

«አህያዋ ናት የገባችብኝ።»

«ቆማ እኮ ነበር! ሣር ስትበላ!»

ጁዋይሪያ ከወጥ ቤት ስትስቅ ተሰማኝ።

«ኪቦርዱን የሚይዝልኝ ሰው አጣሁ» አልኩት።

«እኔ ዓይን የለኝ፣ ምን ላደርግልህ?»

«ዓይን አያስፈልገውም። ድምፅ አለው።»

«ምን ድምፅ?»

«መጥተህ ስማ።»

እግሮቹን ከአልጋው አወረደ። «ወላሂ ልሰማ የምመጣው አህያዋን ስትገጫት ነው። ጁዋይሪያ፣ ጫማዬን!»

ቤቴ ስንደርስ በግራ ወንበር ተቀመጠ፤ ተከትላን የመጣችው ጁዋይሪያ በሩ አጠገብ። ያንን ወንበር ስለቅ ትንሽ ከበደኝ፤ የኔ ነበር። ድምፁን ከፈትኩለት። ሀሰን አንገቱን ቀና አደረገ። የስፌት መኪና ላይ ሆኖ መርፌው ሲደንዝ የሚያደርገው እንደዚያ ነበር፤ አያይም፣ ይሰማል።

«ይሄ ሁሉ ነበረ?»

«ነበረ።»

«እና እኛ ዘግተን?»

«እኛ ዘግተን።»

«አይ እኛ!» አለና ጉልበቱን መታ።

የትኛው ድምፅ ምን እንደሆነ አንድ በአንድ ነገርኩት። ቁልፎቹን በጣቱ ፈልጎ ለማግኘት ግን ተቸገረ። ጁዋይሪያን የጨርቅ ቁርጥራጭና ሙጫ እንድታመጣ ቤት ላካት። በጋሻው ቁልፍ ላይ ሱፍ፣ በሞተሩ ላይ ሐር፣ በመሣሪያው ላይ የጂንስ ቅዳጅ ለጠፈ። ትምኒት መጥታ ላፕቶፗን ስታይ ምን እንደምትል አሰብኩ። ሙጫውን ግን ያዝኩለት።

ጀመርን። ወዲያው የነጩን መርከብ ጎን መታሁት።

«አህያዋን ገጨሃት?»

«ገጨኋት።»

«አልነገርኩህም! አሁንም ሣር ስትበላ ነው?»

ደጋግመን ሞከርን። እጄ እየለመደ ሄደ። እንደ ሀሰን አልፈጥንም፤ መፍጠንም አልፈለግኩም። ነጩን መርከብ እንደ ግቢ አጥር ያዝኩትና እዞረው ጀመር።

«ከኋላህ፣ በግራ!» አለ ሀሰን። «ሁለት ናቸው!»

እኔ አንድም አላየሁም። ዞርኩ። ሁለት ናቸው።

«ጠቅ ጠቅ እያለ ነው። ጋሻውን ወደ ኋላ አደረግኩልህ። አሁን! ምታው!»

መታሁት። ሁለተኛው ጅራቱን አሳይቶ መራቅ ጀመረ።

«እየሸሸ ነው፣ ፉጨቱ ወፈረ! ተከተለው!»

«አልከተልም።»

«ኣስመላሽ! ያመልጥሃል!»

«ያምልጥ። በሩ እዚህ ነው።»

«አንተ ፈሪ ሽማግሌ! እኔ ብሆን ይሄኔ...»

«አንተማ ስንት ዓመት ተከተልክ።»

ሳቀ። እየሳቀ ጣቱ ከሐሩ ወደ ሱፉ ሄደ፤ ደወሉ ገና ከመደወሉ ጋሻው ሞላ። ጠላት እየተመላለሰ ይመጣል። ሀሰን ከየት እንደሚመጣ ይነግረኛል፤ እኔ ከመርከቡ ሳልርቅ እቀበለዋለሁ። የሚሸሸውን እተወዋለሁ። አንዳንዱ ሩቅ ሄዶ ይቆምና እንዳልመጣሁ ሲያይ ይመለሳል። እንዲህ ያለ ሌባ አውቃለሁ።

ነጩ መርከብ ቀስ እያለ ከዋክብቱ ተራርቀው ወደሚታዩበት መሻገሪያ ደረሰ፣ መብራት አበራ፣ ተሻገረ። ፉጨቱ ሁሉ ቆመ። ሞተራችን ብቻ ያጉረመርማል። ጽሑፍ ወጣ።

«ምን ይላል?» አለ ሀሰን።

«አላውቅም። አረንጓዴ ነው።»

እጆቹ ገና ኪቦርዱ ላይ ናቸው።

«ነጭነቱ እንዳለ ነው? ቀይ መስመሩ?»

«እንዳለ ነው።»

«ምንድን ነበር የጫነው?»

«ቁስለኞች። ትምኒት ናት ያነበበችልኝ።»

«እኛ እኮ ትተናቸው ነበር የምንሄደው።»

«አላወቅንም።»

«አሁን አለፉ?»

«ሁሉም አለፉ።»

ራሱን ነቀነቀ። ጁዋይሪያ ከበሩ ወንበር ላይ ሆና ስታየን ነበር፤ ነጠላዋን አስተካክላ ተነሣች። ቤቱ ስናደርሰው መንገዱን ሁሉ ስለ አህያዋ አወራ፤ ለጎረቤቱም፣ ለባለ ሱቁም። የቆመች አህያ መሆኗን ሁሉም እንዲያውቅ አደረገ። ደጁ ላይ ሲደርስ ወደ እኔ ዞረ። «ከመጀመሪያው ዘመቻ ጀምረን እንደግመዋለን። እነዚያን ሁሉ አልሰማኋቸውም።»

በማግስቱ ለምሳ እጄን ስታጠብ የቆርቆሮው በር በዱላ ተደበደበ። በቀዳዳው አየሁ። ሀሰን ፊት ለፊት ቆሟል። ጁዋይሪያ ከኋላው ሳህን ሸፍና ይዛለች።

«ከኣያ ኣስመላሽ ጋር ካልበላሁ ብሎኝ ነው» አለች።

ሀሰን ዱላውን እንደገና አነሣ። «ዘበኛ ነኝ ትላለህ፣ በር እንኳ ቶሎ አትከፍትም!»

ከፈትኩለት።