ለአዳሙ የለመንሁት ሥራ

የወንድሜን ልጅ አዳሙን የሞጣ ክሊኒክ ድሬሰር ያስደረግሁት እኔ ነኝ፤ አልክደውም። ድሬሰር የሚመድበው ግራዝማች አበልጄ ነበር፤ ሴት ልጁን ክርስትና አንስቼለታለሁ። ሄጄ «አዳሙን አስገባልኝ» አልሁት። ቦታ እንዲገኝ ብሎ ዐሥር ዓመት በሽተኛ ሲያክም የኖረውን ቀለሙን ወደ ቢቸና አዛወረው። ቀለሙ እጁ አዋቂ ነበር እንጂ ከሹም ቤት የሚገባ ዘመድ አልነበረውም። እኔም ምን ገዶኝ አልሁ።

በዓመቱ ልጄን ፈንታነሽን ምጥ ያዛት። ሕፃኑ ሆዷ ውስጥ ተጋድሞ አልወጣም አለ። ክሊኒክ ስንወስዳት አዳሙ አያት አያትና ፊቱ አመድ መሰለ።

«አክስቴ፣ እኔ ቁስል ማጠብ እንጂ ይኸን አላውቅም። ቀለሙ ዘንድ ያድርሷት።»

«ታዲያ ያኔ ስለምንልህ አላውቅም አትለኝም ነበር?»

«መች ጠየቁኝ?»

በቃሬዛ ተሸክመናት ወደ ቢቸና መንገድ ጀመርን። ግንደወይን ሳንደርስ ልጄ ሳትገላገል ሞተች።

በሠልስቱ ጎረቤቴ ካሰች አጠገቤ ተቀምጣ ስታለቅስ ቆየችና ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች።

«ለእኔም ልጅ ለግራዝማች አንድ ቃል ተናገሪልኝ። ክሊኒኩ ሌላ ሰው ይፈልጋል አሉ።»

«ልጅሽ ምን ተምሯል?»

«የወንድምሽ ልጅስ ምን ተምሮ ገባ?»

ከቤቴ ላስወጣት ይገባኝ ነበር። ግን እምቢ ብላት ልጄን ማን እንደገደላት በየለቅሶው ልታወራ ነው። ወሩ ሳያልቅ አበልጄ ዘንድ ሄድሁ፤ የካሰችም ልጅ ተቀጠረ።