ደመና የሌለው በረራ

አባቷ ዕድሜውን ሙሉ የተዋጊ አውሮፕላን መካኒክ ነበር፤ አንድም ቀን ግን ሰማይ ላይ አልወጣም። ይህን የሰማ ሁሉ ይስቅበታል። «እንዴ! አውሮፕላን ሆድ ስር ተኝተህ ስታረጅ አንድ ጊዜ እንኳ አላዞሩህም?» ይሉታል። በምን ያዙሩት? የአውሮፕላኗ ወንበር አንድ ነው፣ እሱም የአብራሪው። የመካኒክ ቦታ መሬት ነው። ይፈትሻል፣ ይጠግናል፣ ያስረክባል፤ ከዚያ አንገቱን ቀና አድርጎ ይሸኛታል። ደመና ውስጥ ገብታ ስትጠፋበት መፍቻውን ሰብስቦ ይመለሳል። በቃ፣ ኑሮው ይኸው ነበር።

ጡረታ እንደወጣ ምኞቱን ለትንሿ ልጁ ነገራት። «ያቺን የኔን አውሮፕላን ጌም ውስጥ አስገብተዋታል የሚባለው እውነት ነው?» አላት፣ እንደማፈር እያለ። እውነት ነበር። የውጊያ በረራ ሲሙሌተር በሚሉት ጌም ውስጥ ያቺው አውሮፕላን ከነመሪዋ፣ ከነሰዓቶቿ፣ ከነማብሪያ ማጥፊያዋ ቁጭ ብላለች። «ውጊያው ይቅርብኝ» አለ ሰውዬው። «ማንም ላይ አልተኩስም። ደመናው ውስጥ ገብቼ ልውጣ እንጂ ሌላ ምንም አልፈልግም። እሷ ስትገባ እንጂ ውስጡ ምን እንደሚመስል አይቼ አላውቅም።»

ልጅቷ ኮምፒውተር ጠጋኝ ናት። ደንበኞቿ «እፍ እፍ» ይሏታል፤ አቧራ መንፊያው እጇ ላይ እያለ በአፏም ደግማ እፍ ካላለችበት ማሽኑ የጸዳ አይመስላትም። ይሳቁባት እንጂ እጇ ወርቅ ነው። ሌላው ጠጋኝ «አብቅቶለታል፣ ጣሉት» ያለውን እሷ ነፍስ ዘርታበት ትመልሳለች። እና ለአባቷ ኮምፒውተር መገጣጠም ምኗ ነው? ቀላል!

የሚያስቸኩል ነገርም ነበር። አባቷን የዓይን ግፊት ይዞታል። ሐኪሙ «ጠብታውን ካላቋረጠ በአንድ ጊዜ አይጠፋም፤ እይታው ግን ከዳር ከዳር እየጠበበ መሄዱ አይቀርም» ሲል እሷም እዚያው ተቀምጣ ሰምታለች። ከክሊኒኩ ሲወጡ ክንዱን ይዛ፣ አፏን ሞልታ፣ «ዓይንህ ሳይደክም አበርርሃለሁ አባዬ» አለችው። ልብ በሉልኝ፤ ማንም አላስገደዳትም። ቃሉን የሰጠችው ራሷ ናት።

ሳሎኑ ጥግ፣ መስኮቱ አጠገብ፣ ማሽኑ ተተከለ። ግራፊክስ ካርዱን ከሱቋ መርጣ አመጣች፤ ራሙን፣ ሰፊውን ስክሪን፣ በእግር የሚረገጠውን ፔዳል ጨመረችበት። አባትየውም እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። የአብራሪ ክንድ የት ላይ እንደሚያርፍ ያውቃልና፣ ለመሪው ዱላ፣ ለጆይስቲኩ፣ የእንጨት ማስቀመጫ ቆርጦ፣ በብርጭቆ ወረቀት ልጎ፣ ከወንበሩ ጋር በብሎን አሰረው። እናትየው ሁለቱን ከኩሽና በር ላይ ቆማ እያየች፣ «ሳሎኔን የአውሮፕላን ማረፊያ አደረጋችሁት እኮ!» ትላለች። ቤቱ ደስ ይል ነበር።

ማሽኑ ተነሳ። እፍ እፍ እንደ ማንኛውም ጠጋኝ መጀመሪያ ራሷ ሞከረችው። አውሮፕላኗ ሜዳውን ለቅቃ ስትነሳ ኋላዋ ቆሞ የነበረው አባቷ፣ «ያቻት! እሷው ናት! አፍንጫዋን እዪው እስቲ!» ብሎ ጮኸ። ደመናው ጋ ሲደርሱ ግን ምስሉ መንቀጥቀጥና መቆራረጥ ጀመረ። አንድ ጊዜ ቀጥ ይላል፤ አንድ ጊዜ ዘሎ ይሄዳል። አባቷ አልሰማም፣ አላየም፤ ዓይኑ ነጩ ደመና ላይ ተተክሏል። የወንበሩን መደገፊያ ያዝ አድርጎ፣ «ልቀመጥ?» አላት።

«ቆይ አባዬ» አለችው። «ገና አልመታሁትም።»

ይህች ነገር የሱው ናት። እነሱ ሥራ ቦታ፣ መካኒኩ ፈትሾ ሲጨርስ የአውሮፕላኗን ሆድ በመዳፉ ጧ ጧ ያደርገዋል። ያ ድምፅ ካልተሰማ አለቃ ቢጮህ፣ ሬዲዮ ቢንጫጫ፣ መሰላሉን የሚረግጥ አብራሪ የለም። መካኒክ ሥራ ላይ እያለ «ስንት ቀረህ?» ማለትም ነውር ነው። አባቷ ይህን ወግ ይዞት ቤት ገብቷል። የልጆቹን ብስክሌት ሠርቶ ሲጨርስ ኮርቻውን ጧ ጧ፤ የትምህርት ቤት ቦርሳቸውን ሰፍቶ ሲሰጣቸው ቦርሳውን ጧ ጧ። እሱ ሳይመታው አንድም ልጅ እጁን አይዘረጋም ነበር።

እና «አልመታሁትም» ስትለው እጁን ከወንበሩ ላይ እንደተቃጠለ ሰው አነሳ። «ልክ ነሽ የኔ መካኒክ፤ እኔ ነኝ የቸኮልኩት» አላት። እንደዚያ ሲላት እንዴት ኩራት ኩራት እንዳላት! የሚያሳዝነው እሱም ኮርቶባት ነበር።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ስነግራችሁ እኔኑ ቆሽቴ ያርራል። ስክሪኑ ጥግ ላይ፣ ምስሉ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚታደስ የሚያሳይ ትንሽ ቁጥር አለ። ቁጥሩ ከፍ ሲል በረራው ውሃ ይመስላል፤ ሲወርድ ይቆራረጣል። እፍ እፍ ከዚያች ቁጥር ጋር እልህ ተጋባች። ጥላዎቹን ቀነሰች፤ ቁጥሩ ከፍ አለ። ዛፎቹን አሳሳች፤ ከፍ አለ። ከተማ ላይ ዝቅ ብላ ስትበር ተመልሶ ወረደ። ፋኑን በትልቅ ፋን ቀየረች፣ የፕሮሰሰሩን ቅባት ጠርጋ አዲስ ቀባች፣ ካርዱን የሚያሠራውን ፕሮግራም፣ ድራይቨሩን፣ አደሰች፣ አዲሱ ሲያስቸግራት አሮጌውን መለሰች፣ ከጀርባ የሚሠሩትን ፕሮግራሞች አንድ በአንድ ዘጋች። ሚሳይል ሲተኮስ ለቅጽበት ቀጥ ይላል ብላ ስንት ቀን ተጨነቀች። ኧረ አንቺ ልጅ! አባትሽ አልተኩስም ብሎሽ የለም እንዴ?

ከሁሉም ማሽኑን የሚያደክመው ደመናው ነበር። «ለጊዜው ላጥፋውና ሌላው ሲስተካከል እመልሰዋለሁ» አለች። አጠፋችው። ቁጥሩ ተስፈነጠረ፣ እሷም በደስታ አጨበጨበች።

እናትየው ቀልድ ታውቃለች። «ይሄ ማሽን ልጅ ቢሆን ኖሮ ይኸኔ ትምህርት ቤት ገብቶ ነበር» ትላታለች። ሌላ ቀን ደግሞ ሳትቀልድ፣ «እስቲ ማሽኑ እንደሆነ ይሁንና አባትሽን አስቀምጪው» አለቻት። ልጅቷ ጆሮ ዳባ ልበስ። «እማዬ፣ ጎደሎ ነገር ለአባዬ አልሰጥም። አንድ ነገር ብቻ ነው የቀረኝ።» ያ አንድ ነገር አያልቅም። አንዱን ስታስተካክል ሌላው ብቅ ይላል፤ ከሱቅ እንደተመለሰች ጫማዋን ሳታወልቅ ማሽኑ ላይ ታጎነብሳለች።

ምልክቱ አልነበረም እንዳትሉኝ። አባትየው ጋዜጣ ማንበብ ትቶ ሬዲዮ ላይ ተጣበቀ። የሻይ ብርጭቆውን ጠረጴዛ አገኘሁ ብሎ አየር ላይ አስቀመጠውና ተሰበረ። «ወይ እርጅና!» ብሎ ሳቀ፣ እሷም አብራው ሳቀች። «ዓይንህስ እንዴት ነው?» ስትለው፣ «ደህና ነው፤ አንቺ ሥራሽን ሥሪ» ይላታል። እሷም ሥራዋን ሠራች። ማሽኑን እንደ ዓይኗ ብሌን ስትጠብቀው የአባቷን ዓይን ቀና ብላ አላየችም።

አንድ እሁድ ከሰዓት ነገሩ ተሳካ። ዝቅ ብላ በረረች፣ ከተማውን ዞረች፣ ተኮሰች፤ ቁጥሩ ንቅንቅ አላለም። ደስታዋ ሌላ ነው። የማሽኑን ጎን በመዳፏ ጧ ጧ አደረገችና፣ «አባዬ! መታሁት! ና!» ብላ ጮኸች።

ለዚያ ቀን የተዘጋጀ ሰው ነበር። ጢሙን ተላጭቶ፣ ያቺን ዘይት የጠጣች የሥራ ጃኬቱን ለብሶ፣ ግድግዳውን እየዳሰሰ መጣ። በደስታ የተደናገረ መሰላት። ወንበሩ ላይ ስታስቀምጠው ክንዱ ራሱ የሠራው እንጨት ላይ አረፈ፣ ጣቶቹም ጆይስቲኩን አገኙት። ሞተሩ ሲነሳ ፊቱ በራ። «ራሱ ነው! ድምፁ ራሱ ነው!» አለ። ልጅቷ ፍጥነቱን እየጨመረችለት፣ «አሁን ሳብ አባዬ» አለችው። ሳበ። አውሮፕላኗ አንዳች ሳትንገዳገድ መሬቱን ለቀቀች።

«እህሳ? እንዴት ነው?» አለችው።

«ወይ ግሩም!» አለ አባቷ። «ደመናው! ደመናውን አየሽልኝ? እንዴት ያምራል! ጥጥ አይመስልም?»

ቀና ብላ ስክሪኑን አየች። ሰማዩ ጥርት ያለ ሰማያዊ ነበር፤ አንድ ቁራጭ ደመና የለበትም። መጀመሪያ የመጣላት፣ «ውይ! ሳልመልሰው ረሳሁት!» የሚል ነበር። ሁለተኛው ነገር ቀስ ብሎ ደረሰባት።  የአባቷን ፊት ያኔ አየችው፤ ወደ ስክሪኑ ሳይሆን አለፍ ብሎ ወደ መስኮቱ ነበር የዞረው። እያየ እንዲመስላት ፈገግታውን ይዞ ቁጭ ብሏል።

የአውሮፕላኗ አፍንጫ ወደ ታች እየዘቀዘቀ ነበር፤ መሬቱ እየመጣ ነው። እሱ አያውቅም። «አሁን ከደመናው ወጣን አይደል?» ይላል። ልጅቷ እጇን እጁ ላይ ጭና ጆይስቲኩን አብራው ሳበች፤ አውሮፕላኗም ቀና አለች።

«አባዬ» አለችው። «ምን ያህል ይታይሃል?»

ፈገግታውን ተወው። «መስኮቱ ይታየኛል። ብርሃኑ ማለቴ ነው» አላት።

«ከመቼ ጀምሮ?»

የመለሰችው በሩ ላይ የቆመችው እናት ናት። «ብርዱ ሳይገባ ጀምሮ። ቀጠሮ የምወስደው እኔ አይደለሁ? ጠብታውም አላቆመውም። ልንገራት ብለው አስማለኝ። ሥራ ላይ ናት፣ አትረብሻት አለኝ።»

«ምነው አባዬ? ምነው ቶሎ በይ አትለኝም?»

«እንዴት እልሻለሁ?» አለ፣ ከልቡ ገርሞት። «መካኒክ አልመታሁም እያለ ቶሎ በል ይባላል? እኔው ያስተማርኩሽን እኔው ላፍርሰው?»

ልጅቷ መሬት ላይ ቁጭ አለች። «ምነው እጄን በቆረጠኝ!» አለች። ያ የመጀመሪያው ቀን ትዝ አላት። «ያቻት!» ብሎ የጮኸው በገዛ ዓይኑ አይቶ ነበር። ደመናው ነበረ፤ ዓይኑም ነበረ። ወንበሩን ይዞ «ልቀመጥ?» ብሎ ነበር። ምስሉ ቢቆራረጥስ? ምን ይሆን ነበር? ለሱ ያ የሚንቀጠቀጥ ደመና ይበቃው ነበር፤ ይተርፈውም ነበር። እሷ ናት ከወንበሩ የመለሰችው፤ ያውም በራሱ ቃል። ይህ ጸጸት ከየትኛው ሱቅ በምን መፍቻ እንደሚጠገን አላወቀችም።

ተነስታ ሴቲንጉን ከፈተችው። ጥላውን መለሰች፣ ዛፉን መለሰች፣ ደመናውን እስከ ጫፉ ሞላችው። ፋኑ ማጓራት ጀመረ። ያቺ ስንት የደከመችላት ቁጥር ተንኮታኮተች፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ዞራ አላየቻትም። በርጩማ ስባ አጠገቡ ተቀመጠችና እጇን እጁ ላይ አደረገች።

«ወደ ደመናው እየሄድን ነው» አለችው።

«ፋኑ ይጮሃል» አለ። ጆሮው መቼ ይስታል? «ምስሉ ይቆራረጣል እንዴ?»

«ይቆራረጣል።»

«እና አልጨረስሽማ።»

«አልጨረስኩም አባዬ።»

 አባቷ ጎንበስ ብሎ በመዳፉ የጠረጴዛውን እግር ዳሰሰ፣ ገመዱን ዳሰሰ፣ የሚንዘፈዘፈውን የማሽኑን ጎን አገኘው። ዕድሜውን ሙሉ ያላለቀ ነገር መትቶ የማያውቀው ሰው፣ ጧ ጧ አደረገው።

«መታሁልሽ» አላት፣ ቀና ብሎ እየተቀመጠ። «በይ አሁን ንገሪኝ። ውስጡ ምን ይመስላል?»

ነጩ ነገር ስክሪኑን ሞልቶታል። እሷ ግን እንባዋ ጋርዷት ምንም አይታያትም ነበር።